ከዱባይ ለአሥር ሰዓቱ ቀብር

ረቡዕ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አሸናፊ የሚባል ዘበኛ ሸሚዙን እስከ ክርኑ ደም ነክቶት እየሮጠ መጣና ጣቢያችን በር ላይ ቆመ። «ጋሼ ሞተዋል፤ መጋዘን ውስጥ ወድቀው አገኘኋቸው፤ ላነሳቸው ሞክሬ ነበር» አለ። ሰው እንዲህ ሆኖ ሲመጣ ፖሊስ የሚያደርገው የታወቀ ነው። ገና ትንፋሹ ሳይሰበሰብ ካቴና አጠለቅንለት።

አጥላቂው እኔ ነኝ፤ ሳጅን ክብሩ። ያዘዘኝ ኮማንደራችን ነው። «እሰረው» አለኝ፣ አሰርኩት። ባፍርበትም አልደብቀውም።

መጋዘኑ ያለው እዚሁ ሀዋሳ፣ አዲስ ከተማ ሰፈር ነው። ሟቹ አብዱልሃሚድ መሃል ከተማ የመጋረጃና የአንሶላ ሱቅ ያለው ሰው ነበር፤ ሀዋሳ ውስጥ ቤት ሠርቶ እሱን የማያውቅ የለም። በጀርባው ተዘርሯል። የጭንቅላቱ ኋላ የመደርደሪያው ብረት ማዕዘን ላይ አርፏል። አጠገቡ ካርቶን ላይ ሁለት የሻይ ብርጭቆ አለ፤ አንዱ ተጠጥቶ ያለቀ፣ ሌላው ሳይነካ የቀዘቀዘ።

ኢንስፔክተር እህተማርያም ሁላችንም ሬሳውን ስናይ እሷ በሩን ታያለች። አመሏ ነው። ሰባት ዓመት አብረን ሠርተናል፤ ሰው ፊት «እርስዎ» እላታለሁ፣ ሁለታችን ብቻ ስንሆን «አንቺ» ነው።

«ክብሩ፣ ዘበኛው ሲመጣ በሩ ክፍት ነበር?»

«ተቆልፎ ነበር ይላል። በውጭ በኩል።»

«ይሄ ጓጉንቸር ዝም ብለው ቢጫኑት ይዘጋል?»

ሞከርኩት። ቁልፍ ካልዞረበት የማይዘጋ ዓይነት ነው።

«ቁልፉስ ስንት ነው?»

ሦስት ነው። አንዱ ሟቹ ኪስ ውስጥ ተገኘ። አንዱ አሸናፊ ጋ ነው። ሦስተኛው የሟቹ ታናሽ ወንድም ሙዘይን ጋ ነው፤ ሙዘይን ደግሞ ዕቃ ሊያስጭን ዱባይ ከሄደ ሁለት ሳምንቱ።

ኮማንደሩ ይሄን በስልክ ስነግረው ሳቀ። «ታዲያ ምን ትፈልጋላችሁ? አንዱ ቁልፍ ሬሳው ኪስ፣ አንዱ ዱባይ፣ አንዱ ዘበኛው እጅ! ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ፍርድ ቤት አቀርበዋለሁ።»

እንደ ሒሳብ ካየነው እውነቱን ነው። ዱባይ እዚያ ሩቅ እስካለች ድረስ አሸናፊ አለቀለት።

አሸናፊ የሚለው ሌላ ነው። «ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጋሼ ‹እንግዳ አለብኝ፣ አንተ ዛሬ ሂድ፣ ከልጆችህ ጋር እራት ብላ› አሉኝ። ስምንት ዓመት ስጠብቅ እንዲህ ብለውኝ አያውቁም። ደስ ብሎኝ ሄድኩ።» ይሄን ብሎ አለቀሰ። ሚስቱ ፅጌ መመስከር ትችላለች፤ ግን ሚስት ለባሏ ብትመሰክር ማን ይሰማታል? ምሳ ዕቃዋን ይዛ ጣቢያው በር ላይ ተቀምጣለች። በወጣሁ በገባሁ ቁጥር ቀና ብላ ታየኛለች፤ እኔ ደግሞ ጫማዬን አያለሁ።

ከመጋዘኑ ፊት ለፊት ሻይ የምታፈላው ገበያነሽ «ሁለት ሻይ ያዘዘኝ ራሱ አብዱልሃሚድ ነው» አለችን።

«እንግዳውን አይተሻል?»

«አላየሁም። በሩ ድረስ ነው ያደረስኩት፤ ብርጭቆውን ራሱ አብዱልሃሚድ ተቀብሎኝ ገባ። የሳቀ ይመስለኛል። ደስ ብሎት ነበር።»

ኮማንደሩ ለዚህም መልስ አላጣም። «ሁለተኛው ሻይ ለዘበኛው ነው» አለ።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እኔና እህተማርያም ሟቹ ቤት ነበርን፣ የባለቤቱን የኡሙልኸይርን ቃል ልንቀበል። «አንዳንዴ ሥራ ሲበዛበት ሱቅ ያድራል፤ ማታ ሲቀር አልደነገጥኩም» ትላለች። ከማልቀሷ መሃል ድንገት «አሸናፊ! እጁ ይቆረጥ!» ትላለች። ቤቱ በሰው ተሞልቷል። የቤተሰቡ ሽማግሌ ሐጂ ሸረፋ አንድ ነገር ብቻ አሳስቧቸዋል፦ ሙዘይን። በስልክ መርዶ አይነገርም፤ ግን መምጣት አለበት።

«አሞታል በይው» አሏት። «ሆስፒታል ገብቷል በይው።»

በኢሞ፣ በኢንተርኔት ደወለች፤ ድምፁ ለሁላችንም ይሰማል። «ሙዘይን፣ አብዱልሃሚድ ትንሽ አሞታል...» ከማለቷ ልጁ ጮኸ። «ያ ረቢ! ዱባይ ኤርፖርት ነኝ፣ መሳፈሬ ነው! ዛሬ ልመጣላችሁ ነበር እኮ!» ቤቱ በሙሉ አለቀሰ። እኔም ዓይኔን ጠረግሁ። እንዲህ ዓይነቱ መገጣጠም አላህ ያመቻቸው ነው ተባለ።

ከዚያ እህተማርያም «ሟቹ ጠላት ነበረው?» ብላ ስትጠይቅ ሰው ሁሉ አንድ ስም ጠራልን፤ ወልደአማኑኤል፣ ጎረቤት ነጋዴ። ባለፈው እሑድ የጭነት መኪና ሱቁን ጋረደብኝ ብሎ አብዱልሃሚድን «አሳይሃለሁ» ብሎታል፤ መንገደኛው በሙሉ ሰምቷል። እኔ አገኘነው አልኩ።

ወልደአማኑኤል ግን አልደነገጠም። «ማታ ሐይቅ ዳር የእህቴ ልጅ መልስ ላይ ነበርኩ» አለና ቪዲዮውን አመጣልን። ሬሳውን የመረመረው የሆስፒታሉ ሐኪም ሰውየው የሞተው ከምሽቱ አሥራ ሁለት እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው ብሏል። እኛም ያንን ሁለት ሰዓት ተቀምጠን አየነው። ወልደአማኑኤል አንዴም ከካሜራው አልጠፋም። ትከሻውን ይሰብቃል፣ ያርፋል፣ እንደገና ይነሳል። ያንን እስክስታ ያየ ሰው በሌላ ወንጀል ይከሰው ይሆናል እንጂ በዚህ አይከሰውም።

«ያልሆነ ሰው ይዘን ጠዋቱን ጨረስነው» አልኳት።

«ያልሆነ ሰውማ ጣቢያ ታስሯል» አለችኝ። ተናዳለች።

ሆስፒታሉ ሬሳውን የመለሰው ስምንት ሰዓት ላይ ነው። እስላም ሬሳ አያቆይም፤ ያኔውኑ ይቀበር ነበር። ግን «አሥር ሰዓት ይሁን፣ ሙዘይን ይድረስ» ተባለ። ሴቶች መቃብር አይወጡምና እህተማርያም ከነኡሙልኸይር ጋር ቀረች፤ እኔ ሄድኩ።

ሙዘይን ቀብሩ ላይ በታክሲ ደረሰ፤ ሻንጣው የዱባይ በረራ ወረቀቱን እንዳንጠለጠለ ታክሲው ውስጥ ነው። ሰው ወደ ጎን እየተከፈለ አሳለፈው። ጫማውን አውልቆ ራሱ ጉድጓድ ወረደ። ወንድሙን በሁለት እጁ ተቀብሎ አስተኛው፤ ከጉድጓዱ ሁለት ሰው ጎትቶ አወጣው። አጠገቤ የቆሙ ሽማግሌ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጠዋት ዱባይ የነበረ ሰው አሥር ሰዓት ላይ ሀዋሳ አፈር ሲያለብስ! ወይ ዘመን!»

እኔም ተደንቄያለሁ። አውሮፕላን በሕይወቴ ተሳፍሬ አላውቅም፤ ስለ አውሮፕላን የሚወራ ሁሉ ያስደስተኛል። ስመለስ ይሄንኑ ለእህተማርያም እየነገርኳት ወደ ድንኳኑ ገባን። ሐጂ ሸረፋ መግቢያው ላይ ተቀምጠዋል።

«ሐጂ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አለቻቸው። «ወንድሙም እንኳን ደረሰላችሁ።»

«አልሐምዱሊላህ። እኔ ነኝ ያስጠበቅሁት ልጄ» አሉ። «ሬሳ ማቆየት አይወደድም። መቃብር ቆፋሪዎቹም ቁርጡን ንገሩን አሉኝ። ስለዚህ ደወልኩለት። ‹ሙዘይን፣ ወንድምህ አልፏል። እንቅበረው ወይስ እንጠብቅህ?› አልኩት። ‹ሐጂ በአላህ፣ እስከ አሥር ሰዓት ጠብቁኝ› አለኝ፣ እያለቀሰ።»

እህተማርያም ልትቀመጥ ዝቅ ብላ ነበር፤ እንዳጎነበሰች ቀረች።

«ስንት ሰዓት ላይ ነው የደወሉለት ሐጂ?»

«ልክ አምስት ሰዓት ላይ። ቆፋሪዎቹን ለአምስት ሰዓት ነበር የቀጠርኳቸው።»

«በየትኛው ስልክ?»

ከሸሚዛቸው ኪስ ባለ ቁልፏን ስልክ አወጡ። «ሌላ የለኝም። የሱም አንድ ቁጥር ነው ያለኝ፣ እዚሁ አገር ያወጣውን። ሁለቴ እንኳ ሳይጠራ አነሳው።»

ስልኩን አየነው። ጥሪው አለ፤ በፈረንጅ አቆጣጠር አሥራ አንድ ሰዓት ከሁለት ደቂቃ፣ ሦስት ደቂቃ ሙሉ ተወርቷል። የኢትዮጵያ ቁጥር ነው። እህተማርያም አመስግና ስልኩን መለሰችላቸው፤ ከድንኳኑ እንደወጣን ግን ክንዴን እስኪያመኝ ያዘችኝ።

«ክብሩ! ዱባይ ስንት ሰዓት ነው መንገዱ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ሻሸመኔ ከሆነ እነግርሻለሁ።»

«መኪናውን አስነሳ!»

መሃል ከተማ ያለው ትኬት ቢሮ ሊዘጋ ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል። ሃሴት የምትባለው ሠራተኛ ቦርሳዋን አንግታለች። እህተማርያም ጠረጴዛው ላይ ተደገፈች።

«ከዱባይ አዲስ አበባ በአየር ስንት ይሆናል?»

«ሁለት ሺህ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አራት ሰዓት በሉት።»

«ዛሬ ተነስቶ ለቀኑ የሀዋሳ በረራ የሚያደርስ የቱ ነው?»

ሃሴት ኮምፒውተሯን ነካ ነካ አደረገች። «አንድ ብቻ ነው። በእኛ ሰዓት ጠዋት ሁለት ከአርባ አምስት ላይ ከዱባይ ተነስቶ ስድስት ከአርባ አምስት ላይ አዲስ አበባ ገብቷል። የሀዋሳው ስምንት ሰዓት ተነስቶ በአርባ አምስት ደቂቃ እዚህ ነው።»

በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ። ሁለት ሰዓት ላይ «መሳፈሬ ነው» አለ፤ ልክ ነው። ሁለት ከአርባ አምስት ተነሳ፤ ልክ ነው። ስምንት ከአርባ አምስት ሀዋሳ፣ አሥር ሰዓት ቀብር። ሁሉም እንደ ሰዓት ጥርስ ገጥሟል። አምስት ሰዓት ላይ ስደርስ ጣቴ ቆመ።

«ሃሴት፣ ይሄ አውሮፕላን አምስት ሰዓት ላይ የት ነበር?» አልኩ።

«አየር ላይ ነዋ። ቀይ ባሕር አካባቢ ቢሆን ነው።»

«እዚያ ላይ ያለ ሰው ሐጂ በባለ ቁልፍ ስልክ ቢደውሉለት ያነሳል?»

«አሥር ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ? የኢትዮጵያ ሲም?» ሳቀች። «ሳጅን፣ ተሳፍረህ አታውቅም እንዴ?»

አላውቅም። ግን ያን ጊዜ ከማንም በላይ የበረርኩ መሰለኝ።

እህተማርያም ግን አልሳቀችም፤ በነገሩ ውስጥ ቀዳዳ ትፈልጋለች። «የዱባይ ሰዓት ከእኛ በአንድ ሰዓት ይቀድማል። እሱ አያሳስተንም?»

«ሁሉንም በእኛ ሰዓት ነው የነገርኳችሁ።»

«ከሱ በፊት የመጣስ?»

«ሌሊት ተነስቶ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አዲስ አበባ የገባ አለ።»

«በዚያ ከመጣማ ሁለት ሰዓት ላይ ዱባይ አልነበረም፤ ኡሙልኸይርን ዋሽቷታል ማለት ነው። ከሱ በኋላስ?»

«ስድስት ሰዓት ተነስቶ አሥር ሰዓት ላይ አዲስ አበባ ይገባል።»

«አሥር ሰዓት ላይ እኔ በዓይኔ ጉድጓድ ውስጥ አይቼዋለሁ» አልኩ።

እህተማርያም ቀና አለች። ፊቷ በራ። «በየትኛውም ቢመጣ ኡሙልኸይርን ዋሽቷታል። ንጋት ላይ የገባ ሰው ደግሞ ዱባይ ነኝ ብሎ የሚዋሽበት ምክንያት የለውም። ዛሬ ከዱባይ አልመጣም ክብሩ። ዛሬ ዱባይም አልነበረም። ሦስተኛው ቁልፍ እዚሁ አገር ነበረ!»

ሃሴት አንዴ እሷን አንዴ እኔን ታያለች። «የምታወሩት ስለ ሙዘይን ነው? አሁን እኮ ትኬት ቆርጦ ሄደ። አሥራ ሁለት ከአሥር በሚነሳው ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ዱባይ። ዕቃዬ ወደብ ላይ ተይዟል አለኝ። በቀብሩ ዕለት መሄዱ ገርሞኝ ነበር።»

ሰዓቴን አየሁ። አሥራ አንድ ከአሥራ ሁለት ነው። አርባ አምስት ደቂቃ ወደ አዲስ አበባ፣ አራት ሰዓት ወደ ዱባይ። እዚያ ከገባ በኋላ ማን ያመጣዋል? ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ደግሞ አሸናፊ ዳኛ ፊት ይቆማል።

ኤርፖርቱ ከከተማ ወጣ ያለ ነው። የዚያን ቀን ሀዋሳ ያለው ባጃጅ ሁሉ መንገዱ ላይ የወጣ ይመስለኛል። ጥሩንባዬን ተጭኜ አልለቅም አልኩ። አንዱ ባጃጅ ነጂ በመስኮት ወጥቶ ሰደበኝ፤ ሰላምታ ሰጥቼው አለፍኩ። እህተማርያም ስልክ ላይ ነች፣ ኮማንደሩን ታስረዳለች። «አዎ ኮማንደር፣ ከአውሮፕላኑ ሰዓት ነው ያገኘነው... አይ፣ ምስክሩ ሐጂ ናቸው... እሺ፣ ከተሳሳትኩ እኔ እጠየቃለሁ!» ስልኩን ዘጋችና «ንዳው» አለችኝ። ከዚያ በላይ የሚሮጥ መኪና ቢኖረኝ ኖሮ እነዳው ነበር።

አሥራ አንድ ከሃምሳ ላይ ገባን። አውሮፕላኑ ሜዳው ላይ ቆሟል፣ በመስታወቱ ይታያል። ተሳፋሪው ተሰልፏል። ሙዘይን ከሰልፉ መጨረሻ ነው። ሱሪው ጉልበት ላይ ያለው የመቃብር አፈር ገና አልረገፈም።

«ሙዘይን፣ አንድ ደቂቃ» አለችው እህተማርያም ቀስ ብላ። «ፓስፖርትህን አሳየኝ።»

«የአገር ውስጥ በረራ ነው እኮ፣ ፓስፖርት አያስፈልግም።»

«ለእኔ ያስፈልገኛል።»

ወደ በሩ አየ። በሩ ላይ እኔ ቆሜያለሁ። ፓስፖርቱን አወጣ፤ ገጹን የገለጠችው እሷ ናት። የመግቢያው ማኅተም የሰኞ ነው። ማክሰኞ ማታ ወንድሙ ሲሞት ሙዘይን አገር ውስጥ ከገባ አንድ ቀን አልፎታል።

ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ እኛም አጠገቡ ተቀመጥን። ተሳፋሪው እያለፈን ወጣ።

«ልገድለው አልመጣሁም» አለ። «ሐሙስ ሱቁን በሚስቱና በልጆቹ ስም ሊያዛውር መሆኑን ሰማሁ። የአባታችንን ሱቅ! አሥራ አንድ ዓመት ዱባይና ሀዋሳ ስመላለስ የኖርኩት ለምን ነበር? ፊት ለፊት ላናግረው ብዬ ለማንም ሳልናገር መጣሁ። ስደውልለት ደስ አለው። ኡሙን እናስደንግጣት፣ አልነግራትም አለኝ፤ ሻይ አዘዘልኝ። ነገሩን ሳነሳበት ግን ‹አንተ መንገደኛ ነህ፣ ሱቅ የሚጠብቀው ቤት ያለ ሰው ነው› አለኝ። ገፋሁት። አንዴ ነው የገፋሁት። ሲወድቅ...» እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። «ስወጣ ቆለፍኩ። ሁልጊዜ ስወጣ እቆልፋለሁ። በዚህ ዘበኛው ይታሰራል ብዬ አላሰብኩም።»

«ከሰማህ በኋላስ?» አልኩት። ተናደድኩበት። «ዛሬ ሙሉ ቀን አሸናፊ ታስሮ እንደዋለ ታውቅ ነበር!»

የመቃብሩን አፈር ከሱሪው ላይ ማራገፍ ጀመረ።

እህተማርያም ግን ሌላ ነገር ነበር የከነከናት። «ዛሬ ባትመጣ ኖሮ ማንም አይጠረጥርህም ነበር። ነገ ብትመጣ ይበቃ ነበር። የሐጂን ስልክ ለምን አነሳህ?»

ውጭ የአውሮፕላኑ ሞተር ተነሳ፤ መስታወቱ ተንዘረዘረ።

«ሌሊቱን ሻሸመኔ ነበርኩ። አዲስ አበባ ሄጄ በቀኑ የሀዋሳ በረራ ልመለስ ብዬ ሐጂ ሲደውሉ ሞጆ ደርሻለሁ። ሐጂ ሲደውሉ እንዴት አላነሳም? ደግሞ ‹ወንድምህን እንቅበረው ወይስ እንጠብቅህ?› አሉኝ። ምን ልበላቸው ነበር? አትጠብቁኝ፣ ቅበሩት ልበል?» አለቀሰ። «ሰዓቱን ከኡሙ ስልክ ጀምሬ አስልቼው ነበር። ልክ ይመጣል ብዬ ነበር። የሐጂ ስልክ ትዝም አላለኝ።»

ካቴናውን አጠለቅሁለት። ጠዋት አሸናፊን ያሰርኩበት ነው።

ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ኮማንደሩ የመፍቻውን ወረቀት ፈረመ። ይቅርታ አልጠየቀም፤ ስለዚህ እኔ ጠየቅሁ። አሸናፊ ሸሚዙ ለማስረጃ ተወስዶበት በካናቴራ ብርድ ሲያንቀጠቅጠው ነበርና ጃኬቴን ደረብኩለት። ፅጌ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። «ቤት እንሂድ» አለችው፤ እሱ ግን ወደ እኔ ዞረ።

«ጋሼ ተቀበሩ?»

«አሥር ሰዓት ላይ።»

«ማን ወረደላቸው? ጉድጓድ ማን ወረደ?»

እህተማርያም ናት የነገረችው፤ ሁሉንም፣ ምንም ሳትደብቅ። ሰምቶ ሲጨርስ ግንቡን ተደገፈ። ከዚያ «ለቅሶ ቤት አድርሱኝ» አለ።

አራታችንም ሄድን። ወሬው ቀድሞን ደርሶ ድንኳኑ ጸጥ ብሏል፤ ለቅሶው ሁለት ሆኖባቸዋል። አሸናፊ መግቢያው ላይ ቆመ፣ መግባት ፈራ።

«ሐጂ፣ ቀብራቸው አለፈኝ» አለ።

ሐጂ ሸረፋ ተነሱ። የቤተሰቡ ሰዎች የሚቀመጡበት ረድፍ ላይ ሙዘይን ተነስቶ የሄደበት ቦታ ባዶ ነበር። እጁን ይዘው እዚያ አስቀመጡት። ኡሙልኸይር ከሴቶቹ በኩል ወጣች፣ ሰው ደግፏት። መጥታ ፊቱ ቆመች።

«ጠዋት ረግሜሃለሁ» አለችው። «ይቅር በለኝ። ስምንት ዓመት ከሱ ጋር የዋልከው አንተ ነህ።»

አሸናፊ ጃኬቴን ፊቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ። እኔም ፖሊስነቴን ረስቼ አለቀስኩ። ያን ጊዜ ከስልጤ የተነሱ ዘመዶች ገና መድረሳቸው ነበር፤ ከመኪና ወርደው እያለቀሱ ገቡና በረድፉ በኩል አንድ በአንድ እጅ እየጨበጡ መጡ። ማን እንደሆነ አያውቁትም። እንደ ሌሎቹ ሁሉ እጁን ያዙት።

«አላህ ያጽናህ» አሉት።

«አሜን» አለ አሸናፊ፤ ከተቀመጠበትም ተነስቶ ተቀበላቸው።